ስለ ታዋቂነት፣ ስለ ስም አልባነትና ስለ ራስ ማንነት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፦ ለጎጃም ዞኖች ትምህርት መምሪያዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለምሥራቅ፣ ለምዕራብና ለሰሜን ጎጃም ዞኖች ትምህርት መምሪያዎች

ግልባጭ፦ በየትምህርት ቤቱ ለሚገኙ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረቶች

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች ስለ ታዋቂነት፣ ስለ ስም አልባነትና ስለ ማንነታቸው የሚወያዩበት ጊዜ እንዲመደብ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጠፍበት ልማድም እንዲታረም ስለመጠየቅ

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ጉዳዩ ከመምሪያዎቹ አልፎ ወላጆችንና ባልደረቦቼን ስለሚመለከት ነው። ስሜንና የትምህርት ቤቴን ስም ያልጠቀስሁት ደግሞ ከዚህ በታች የማነሣቸው ልጆች በሕይወት ያሉ ተማሪዎቼ ስለሆኑ፣ የእኔ ስም ከታወቀም የትኞቹ እንደሆኑ ለመለየት በከተማችን ከአንድ ጀበና ቡና በላይ ስለማይፈጅ ነው። ስሜንና ፊርማዬን የያዘ ቅጂ ለየመምሪያዎቹ መዝገብ ቤት ለብቻው ልኬአለሁ።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አዲስ የትምህርት ዓይነት ሳይጨመር፣ አሁን ባሉት ክፍለ ጊዜያት ውስጥ ተማሪዎች ስለ ታዋቂነት፣ ስለ ስም አልባነትና ስለ ገዛ ማንነታቸው በመምህር እየታገዙ የሚጽፉበትና የሚከራከሩበት ጊዜ በዓመታዊ ዕቅድ እንዲያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ሳያስፈቅዱ በአደባባይ ማውጣታቸውን እንዲያቆሙ ነው። ሁለተኛው ካልተስተካከለ አንደኛውን ለማስተማር አፍ የሚኖረን አይመስለኝም።

የክፍል ደረጃውን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባና ክፍል ያልደገመ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ 13 ዓመት ይሆነዋል፤ ቲክቶክም ፌስቡክም አካውንት ለመክፈት የሚጠይቁት ዝቅተኛ ዕድሜ ይኸው 13 ነው። ብዙዎቹ ልጆች ግን ከዚያ አስቀድመው በታላቅ ወንድማቸው ወይም በእናታቸው ስልክ ገብተዋል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ዴቪድ ኤልካይንድ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዘወትር የሚመለከተው ሰው ያለ እንደሚመስለው፣ ፀጉሩንም አለባበሱንም ሁሉም ሰው እንደሚመረምርበት እንደሚያስብ ገልጾ ይህን ምናባዊ ተመልካች ብሎ ሰይሞታል። ያን ጊዜ ተመልካቹ በእርግጥም ምናባዊ ነበር። ዛሬ ግን ቁጥሩ ከቪዲዮው ጋር ተጽፎ ይመጣል፤ ልጁ ጠዋት ሲነሣ ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንቱም እንደወደደለት ያነባል። ቲክቶክ ቪዲዮን ለማያውቁት ሰዎች ጭምር መርጦ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ደጀን ወይም ቢቸና ላይ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ እስክስታ በአንድ ሌሊት ሺህ ሰው ሊያየው፣ የሚቀጥለውን ግን ሃያ ሰው እንኳ ላያየው ይችላል። ልጁ በሁለቱ መካከል ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ብዙውን ጊዜም ምንም አላጠፋም።

ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው ሌላው የሥነ ልቡና ሊቅ የጉርምስና ዘመን ዋና ሥራ ‹እኔ ማን ነኝ› የሚለውን ጥያቄ መመለስ እንደሆነ ያስተማረ ሰው ነው። እርሱ ራሱ ወላጅ አባቱን ሳያውቅ አድጎ፣ በእንጀራ አባቱ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ኤሪክሰን የሚለውን ስም ለራሱ አወጣ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ የአባት ስም ሰው የሚመርጠው ነገር እንዳልሆነ ርግጠኛ የነበሩት ልጆች ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተከራከሩ፤ ከፊሎቹ ዋሽቷል አሉ፣ ከፊሎቹም ምን ያድርግ አሉለት።

ይሁን እንጂ ትምህርቱን ከባሕር ማዶ መጀመር አያስፈልግም፤ ልጆቻችን ሰው ከአንድ በላይ ስም እንዳለው ከቤታቸው ያውቁታል። እናት ያወጣችው ስም፣ አያት የምታቆላምጥበት ስም፣ እረኞች የለጠፉት ቅጽል ስም በአንድ ልጅ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። በኦርቶዶክሳውያን ቤተሰብ ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ሲጠመቁ የሚሰጣቸው የክርስትና ስም ደግሞ ለጸሎት፣ ለቁርባንና ለፍትሐት የሚሆን እንጂ ገበያ ላይ የሚጠራ አይደለም፤ የቅርብ ጓደኛውን የክርስትና ስም የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው። በክፍሌ ሙስሊም ተማሪዎችም ስላሉ፣ ይህን ሳነሣ በየቤቱ ስለሚገኘው የስም አወጣጥ ልማድ እንዲጽፉ እንጂ የክርስትና ስማቸውን እንዲናገሩ አላደርግም፤ በስውር እንዲቆይ የተሰጠን ስም በክፍል ፊት ማስነገር ትምህርቱን ከመነሻው ማፍረስ ይሆናል። አንዲት ተማሪ በአካባቢዋ ሙሽራ ከባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም የምታወጣላትን ልማድ አንሥታ፣ የእናቷን የልጅነት ስም የሰማችው በቅርቡ እንደሆነ ነግራናለች። ከዚያ በኋላ የተነሣውን ክርክር እኔ አልመራሁትም፤ መምራትም አላስፈለገኝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጎጃም ዝናንና ስም አልባነትን ጎን ለጎን የሚያስተምር ጥንታዊ ቤት አለው፤ የቅኔ ቤቱን ማለቴ ነው። ዋሸራና ጎንጅ ከወሎው ዋድላ ጋር የቅኔ ስልት መጠሪያ ሆነው በመላ አገሪቱ የታወቁ ናቸው፤ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስም የሊቃውንት መፍለቂያ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ሲል የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም፤ የባለጸጋውም የድኻውም ልጅ የሚቀበሉት ያንኑ ቁራሽ ነው። ስሙ የሚነሣው ቅኔ መቁጠር ሲጀምር ነው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየና በሚ በዝኁ አልፎ፣ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ይዋረዳል፣ የራሱን የትናንት ቅኔ የደገመም አይመሰገንም። በበዓል ቀን ቅኔ ዘርፎ ጉባኤውን ‹ይበል› ያሰኘ ተማሪ ዝናው ከደብር ደብር ይዞራል። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው ቅኔ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ከተጻፈውም ብዙው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሐዲስ ዓለማየሁም ዮፍታሔ ንጉሤም በዚህ ትምህርት ያለፉ የጎጃም ልጆች ናቸው። አብረዋቸው በአንድ ጎጆ ቅኔ የቆጠሩ፣ ምናልባትም በጉባኤው ይበልጧቸው የነበሩ ተማሪዎች ግን ስማቸው ከእኛ አልደረሰም። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ‹ታዲያ የቀሩት ከሰሩ ማለት ነው?› ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም መልሱን በጽሑፍ እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። ካነበብኋቸው የተማሪ ጽሑፎች ሁሉ እነዚያን እመርጣለሁ።

የፈረስ ስምም ሌላ በር ይከፍታል። አርበኛው በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር መባሉን በጎጃም የማያውቅ ልጅ የለም። የፈረስ ስም ሰው ራሱን የሚሸሽግበት አልነበረም፤ በፉከራ መካከል ከፍ ተደርጎ የሚጠራ፣ ባለቤቱም በዚያ ስም ለሠራው ሥራ የሚመሰገንበትና የሚጠየቅበት ነበር። ተማሪዎች ይህን በስልካቸው ካወጡት የአካውንት ስም ጋር እንዲያነጻጽሩ አደርጋለሁ፤ ለራሳቸውም የፈረስ ስም እንዲያወጡ እጠይቃለሁ፤ ሆኖም ስሙ የወጣበትን ሥራ አብረው መጻፍ አለባቸው። ያልሠራውን የጻፈ ልጅ በጓደኞቹ ሳቅ ወዲያው ይታረማል። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መባላቸውን፣ ከተማቸው መንቆረርም ደብረ ማርቆስ መባሏን አንሥቶ፣ ስም ሲለወጥ ምን ይለወጣል፣ ምንስ ይቀራል ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ወደ በላይ ስመለስ፣ ጣልያንን አምስት ዓመት ሙሉ ተዋግቶ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የሞተው ይህ ሰው ዝናው ከትውልድ ትውልድ የተላለፈው ባብዛኛው ስማቸው ባልተመዘገበ አዝማሪዎች፣ አልቃሾችና እረኞች ግጥም ነው። አንድን ሰው ታዋቂ የሚያደርገው ማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በክፍል የማሠራውን አንድ ልምምድ በዝርዝር ልግለጽ። ተማሪዎች ሁሉ ስማቸውን ሳይጽፉ አጭር ግጥም ይጽፋሉ፤ ግጥሞቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ክፍሉ እየዞረ አንብቦ አስተያየት ይሰጣል፤ በመጨረሻም የፈለገ ‹የእኔ ነው› ይላል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ የእጅ ጽሑፉን አይተው ባለቤቱን ያውቁ ነበር። እኔ ራሴ ገልብጬ መለጠፍ ስጀምር ደግሞ በቃላቱ መለየት ጀመሩ፤ ከቆላ የመጣው ልጅ በቆላ አነጋገሩ፣ የቄሱ ልጅ ጣል በሚያደርገው ግእዝ ታወቁ። ስለ ስልክ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኝም ነበር፤ ስሙን ሰውሮ የሚጽፍ ሰው ሲም ካርዱ በአባቱ መታወቂያ የተመዘገበ፣ በፎቶው ጀርባ የሚታየው ግንብም የትምህርት ቤቱ አጥር መሆኑን ለማስረዳት ከዚያ በኋላ ብዙ ቃል አልፈጀብኝም።

በዚህ ልምምድ ላይ አንዲት ልጅ ግጥሟ ከሁሉ በላይ ተወድሶላት ሳለ ዝም ብላ ቀረች። ለብቻዋ ስጠይቃት፣ ስሟ ከታወቀ የሚቀጥለውም እንደዚህኛው ማማር እንደሚኖርበት፣ ካልታወቀ ግን ደስ ያላትን መጻፍ እንደምትችል ነገረችኝ። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ግጥም ሁለት ልጆች ‹የእኔ ነው› እያሉ ተነሡበት፤ ባለቤቱ ግን ከሁለቱም አልነበረም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይስቅ ነበር። ነገሩ ሲገለጥ ክፍሉ ሁለቱን ትቶ ለምን ዝም እንዳለ እርሱን ጠየቀው። ‹ግጥሙ እንደሆነ የእኔ ነው፤ ይጩሁ› አለ። የልጅቱን ፍርሃትም ሆነ የዚህን ልጅ እርጋታ እኔ አላስተማርኋቸውም፤ የእኔ ድርሻ የሚታዩበትን ጊዜ መስጠት ብቻ ነበር፤ ከመምሪያዎቹ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ስለ ታዋቂነት በሚሆነው ውይይት፣ ታዋቂ ሰዎችን ጻፉ ሲባሉ መጀመሪያ የሚመጡት የቲክቶክ ልጆች፣ ኳስ ተጫዋቾችና ዘፋኞች ናቸው። ጥያቄውን ለውጬ የእናንተን ስም የሚያውቅ ታዋቂ ሰው ጻፉ ስላቸው ዝርዝሩ ይገለበጣል፤ የዕድሩ ዳኛ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ ለድግስ ወጥ እንዲሠሩ የሚጠሩት እትዬ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይገባሉ። ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አልሰብክም። ዘፋኝ ወይም ሯጭ ሆኖ መታወቅን የሚመኝ ልጅ ምኞቱ ሊጣጣልበት አይገባም፤ ‹ስም ከመቃብር በላይ ይውላል› እየተባልን ያደግን ሰዎች ልጆች ስም ፈለጉ ብለን ስንቆጣ ጥቂት ልናፍር ይገባናል።

ስም አልባነትን በተመለከተ የብዙ ባልደረቦቼ አቋም ፈጽሞ ይከልከል የሚል ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል። ባለቤቱ በማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል ስሟ እየተነሣ በመሰደቧ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ድርጊትም ቀልድ ሳይሆን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሊያስጠይቅ የሚችል መሆኑን ተማሪዎች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ነገር ግን በዚያው ትምህርት ቤት ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሣጥን አለ። ሴቶቹ ስለ ወር አበባ፣ ወንዶቹ ስለ ድምፃቸው መጎርነን የሚጠይቁት በእርሱ ነው፤ ‹ቤተሰቦቼ ሊድሩኝ ነው፣ ምን ላድርግ› የሚል ወረቀትም ገብቶበት ያውቃል። ስምሽን ጻፊ ብትባል ኖሮ ያ ወረቀት አይጻፍም ነበር። ስለዚህ ልጆች የሚያስፈልጋቸው አፍን ለመክፈት ሲባል ስምን መሰወርን ሌላውን ለመውጋት ሲባል ከመሰወር የሚለዩበት ልምምድ ነው፤ ይህም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ ክልከላ አይገኝም። መምህሩም ሣጥኑን ከማስቀመጡ በፊት፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካነበበ ጸሐፊውን ፈልጎ ለማግኘት እንደሚጥር አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ሳይናገር ቢፈልግ ሣጥኑን ከዚያ በኋላ የሚያምነው አይኖርም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በፌስቡክ ገጻቸው ደረጃ ያገኙ ተማሪዎችን ከነሙሉ ስማቸው፣ ከነፎቶግራፋቸውና ከነውጤታቸው ይለጥፋሉ። ከዚህ የሚከፋው ድጋፍ በሚደረግ ጊዜ የሚነሣው ፎቶ ነው። ደብተርና እስክርቢቶ የተሰጠው ልጅ ስጦታውን ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ተደርጎ ይነሣል፤ ስሙና የቤተሰቡ ችግር ከሥሩ ይጻፋል። ደብተሩን በአንድ ሴሚስተር ይጨርሰዋል፤ ፎቶው ግን ዩኒቨርሲቲ ሲገባም፣ ሥራ ሲይዝም፣ ሚስት ሲያጭም ይጠብቀዋል። የሰጪው ስም እንዲታወቅ የተቀባዩ ልጅ ድህነት መታወቅ አለበት ወይ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ደንግጓል፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 8 የልጅን ማንነት፣ በአንቀጽ 16 የግል ሕይወቱን ይጠብቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሕጉ ሳያንስ ልማዱ ቀጥሏል።

የምንኖርበትም ጊዜ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፣ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ትልቅ ሰው እንኳ ስሙና አድራሻው መታወቁን በሚፈራበት ወቅት የአንድን ሕፃን ፊት፣ ስም፣ ክፍልና ቀበሌ በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመምሪያዎቹ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ጊዜ ምን እንደተሰማቸው ተማሪዎቼን አስጽፌአቸው ነበር፤ ከፊሎቹ ዕረፍት፣ ከፊሎቹ ደግሞ እነርሱ ራሳቸው የጠፉ ያህል እንደተሰማቸው ጽፈዋል።

በተግባር የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየሴሚስተሩ አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ይህም ከአማርኛ የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ፣ ከዜግነት ትምህርት፣ ከክወናና የእይታ ጥበባት እንዲሁም ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሊገኝ ይችላል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያሳስበናል የሚሉ ርእሳነ መምህራን ይኖራሉ፤ በእነዚህ ሰዓታት ግን ልጆቹ የሚያነቡትና የሚጽፉት በአማርኛ ስለሆነ ለፈተናው የሚጠፋ ጊዜ አይኖርም። ኮምፒውተርም ስልክም አያስፈልግም፤ ወረቀትና ግድግዳ ይበቃል። የአካባቢው የቅኔ መምህር በእንግድነት ቢጋበዙ መልካም ነው፤ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ መሆኑ የታወቀ በመሆኑ ግን ግብዣው በሥነ ጽሑፍነቱ ተወስኖ፣ ከወላጆች ጋር አስቀድሞ ተመክሮበት ሊሆን ይገባል። ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ለእነዚህ ጽሑፎች ማርክ እንዳይሰጥ ነው። ስለ ራሱ ለጻፈው ከአሥር ስድስት የተሰጠው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጽፈው መምህሩ ሊሰማው የሚወደውን ነው፤ ሱፐርቫይዘሮችም ውጤት አሳዩን ብለው እንዳያስጨንቁ ከመምሪያው በጽሑፍ ቢነገራቸው ይረዳል።

ፎቶግራፍን በተመለከተ አንድ ገጽ የሆነ መመሪያ በቂ ነው። የልጅ ስምና ምስል በትምህርት ቤት ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ እንዲኖር፣ ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ለእርሱና ለወላጁ ብቻ እንዲነገር፣ ድጋፍ የሚያደርጉ አካላት ተቀባዮችን ፎቶ እንዳያነሡ፣ ከዚህ ቀደም የተለጠፉትም ከገጹ እንዲወርዱ ቢታዘዝ እጠይቃለሁ። ልጁ እምቢ ካለ ደግሞ ወላጁ ቢፈቅድም እምቢታው ይከበር።

የመጪው ዓመት ዕቅድ በየትምህርት ቤቱ ከመጽደቁ በፊት የመምሪያዎቹን መልስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። እስካሁን ያሠራኋቸውን ልምምዶች የተማሪ ስም በሌለበት መልክ አዘጋጅቼ ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ሁሉ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

በምሥራቅ ጎጃም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር